ምዕራፍ 6፦ ተራራን የሚያሳየው ጥላው ነው

በምዕራፍ 4 ሌንስ ብርሃንን ሰብስቦ እንዴት ምስል እንደሚሠራ፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ ሹተር የሚባለው የካሜራ መዝጊያ ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ አይተናል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ብርሃን መጠን ነበር። አሁን የምናነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ብርሃኑ ከየት በኩል መጣ? ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ውርጌሳን አልፎ ወደ መርሳ ሲቃረብ፣ ከዚያም ሲሪንቃን ሲያልፍ፣ በግራው በኩል የሀብሩና የጉባላፍቶ ተራሮች ተደራርበው ይቆሙለታል። ስልኩን አውጥቶ ያነሳቸዋል። ማታ ፎቶውን ሲከፍተው ግን ያ ሁሉ ግርማ የለም፤ ሸንተረሩና ሸለቆው አንድ ላይ ተለጥፎ አንድ ወጥ ቡናማ ነገር ሆኗል። አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በስልኩ ላይ ያሳብባል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ግን ጥፋቱ ከመሣሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ ከሰዓቱ ነው የሚል ነው።

ዓይን ያየውን ካሜራው ለምን አጣው? ተራራን ከሩቅ ስናይ ጥልቀቱን የምንረዳው ሁለት ዓይን ስላለን ብቻ አይደለም። የሁለት ዓይን ጥቅም በቅርብ ላለ ነገር ነው፤ ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ለቆመ ነገር ሁለቱም ዓይኖች የሚያዩት አንድ ዓይነት ምስል ነው። ዋናው ረዳታችን እንቅስቃሴ ነው። መኪናው ሲሄድ የቅርቡ ሸንተረር ቶሎ ያልፋል፣ የሩቁ ቀስ ይላል፤ አእምሯችን ከዚህ ልዩነት የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ ያሰላል። ፎቶግራፍ ይህን እንቅስቃሴ ያቆመዋል። እንቅስቃሴው ሲቆም ጥልቀትን ለተመልካቹ የሚነግሩት ጥቂት ምልክቶች ብቻ ይቀራሉ፤ ከእነዚህም ትልቁ ጥላ ነው።

ኩራዝና የምርጊት ግድግዳ

በጭቃና በጭድ የተመረገ ግድግዳ በሌሊት አስቡ። ኩራዙን ይዛችሁ ከግድግዳው ፊት ለፊት ብትቆሙና በቀጥታ ብታበሩበት ግድግዳው ለስላሳ ይመስላል። ስንጥቁ፣ የጭዱ ሰበዝ፣ የመራጊው ጣት የተወው ፈለግ አይታይም። ኩራዙን ወደ ጎን ወስዳችሁ ከግድግዳው ጋር ብታስጠጉት ግን እያንዳንዷ እብጠት ከኋላዋ ጥላ ትጥላለች፣ ስንጥቁ ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። ግድግዳው አልተለወጠም፤ የኩራዙም ዘይት አልጨመረም። የተለወጠው ብርሃኑ የሚመጣበት ማዕዘን ብቻ ነው። ተራራው ያ ግድግዳ ነው፣ ፀሐይም ያቺ ኩራዝ ናት። ልዩነቱ ኩራዙን እኛ እናንቀሳቅሳለን፣ ፀሐይዋን ግን መጠበቅ አለብን።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። 100 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ፀሐይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ከፍ ብላ ስትቆም ከ560 ሜትር በላይ የሚረዝም ጥላ ይጥላል። ፀሐይ 45 ዲግሪ ስትደርስ ጥላው ከጉብታው ቁመት ጋር እኩል፣ ማለትም 100 ሜትር ይሆናል። ወደ 80 ዲግሪ ስትወጣ 18 ሜትር ያህል ብቻ ይቀራል። ከአምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ለሚያየው ሰው የ18 ሜትር ጥላ ከምንም አይቆጠርም። ጉብታው ከምስሉ ጠፋ ማለት ነው።

የተራራን ፎቶ በሚመለከት ከአንዳንድ ባለሙያዎች የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ። ዝቅ ያለ ብርሃን ለውበት ብቻ የሚፈለግ ማጋነኛ ነው፤ አገሩን እንዳለ ለመመዝገብ የሚፈልግ ሰው ብርሃን የሞላበትን እኩለ ቀን መምረጥ አለበት ይላሉ። መልሱን ከጨረቃ እናገኛለን። የአፖሎ ጉዞ አቃጆች የማረፊያ ጊዜውን የመረጡት በማረፊያው ቦታ ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ እንድትቆም አድርገው ነበር። አፖሎ 11 እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969 ሲያርፍ ፀሐይዋ ከአድማሱ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብላ ነበር። ምክንያቱ ውበት አልነበረም። ጠፈርተኞቹ ጉድጓዱንና ቋጥኙን በጥላው ለይተው በደኅና ቦታ እንዲያርፉ ነው። ሕይወት የተመካበት ምዝገባ ዝቅ ያለ ብርሃንን ከመረጠ፣ ትክክለኛውን የመሬት ቅርጽ የሚደብቀው እኩለ ቀን እንጂ ማለዳ አይደለም።

የወሎ ፀሐይ ችኩል ናት

የፎቶግራፍ መጻሕፍት ብዙዎቹ የተጻፉት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። እነሱ ፀሐይ ከወጣች በኋላና ከመግባቷ በፊት ያለውን ጊዜ «ወርቃማው ሰዓት» ይሉታል። በለንደን በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ ከ15 ዲግሪ ብዙም አትዘልም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጥላው ረጅም ነው። ወልድያ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በአድማሱ ላይ ተጋድማ አትሄድም፤ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ከወጣች በ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ 10 ዲግሪ ታልፋለች፤ በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ 30 ዲግሪ ላይ ትሆናለች። ከውጭ መጽሐፍ «ወርቃማው ሰዓት» የሚለውን አንብቦ ለአንድ ሰዓት የተዘጋጀ ሰው ወሎ ላይ ግማሹን ብቻ ያገኛል። በሚያዝያ 13 ገደማና በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ በእኩለ ቀን በወልድያ አናት ላይ በቀጥታ ትቆማለች፤ ቀጥ ያለ እንጨት ጥላው ከሥሩ አይወጣም። በእነዚህ ሳምንታት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ የሚነሳ የተራራ ፎቶ ኩራዙን ፊት ለፊት ይዞ ግድግዳ እንደማየት ነው።

በታኅሣሥና በጥር ሁኔታው የተሻለ ነው። ያኔ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በእኩለ ቀን የምትደርሰው 55 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። የጥላው ርዝመት ከዕቃው ቁመት ሰባት አሥረኛ ያህል ይሆናል። በዚህ ወቅት በቀትር መንገድ ላይ የሆነ ሰው እንኳ የሸንተረሮቹን ሰሜናዊ ገጽ በጥላ ውስጥ ያገኘዋል። ስለዚህ «እኩለ ቀን አይነሳም» የሚለው የተለመደ ምክር በደፈናው ትክክል አይደለም። በሚያዝያ እውነት ነው፣ በታኅሣሥ ግን ግማሽ እውነት ነው።

ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት ወደ ምሥራቅ

የሀብሩና የወልድያ አካባቢ አቀማመጥ ለፎቶ አንሺ ልዩ ነው። በስተምዕራብ ደጋው ግድግዳ ሆኖ ይቆማል፤ በስተምሥራቅ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ፀሐይ ከአፋር በኩል ስትወጣ የምታበራው በመጀመሪያ የግድግዳውን ገጽ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዚያው ግድግዳ ኋላ ትደበቃለች። ግድግዳው ከቆምንበት 1,500 ሜትር ከፍ ብሎ 6 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢቆም የሚሸፍነው የሰማይ ክፍል 14 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህም ማለት በእግሩ ሥር ያለው ሜዳ ፀሐይ በእውነት ከመጥለቋ ከ50 ደቂቃ በላይ አስቀድሞ ጥላ ውስጥ ይገባል። በመርሳ ሜዳ ቆሞ የምዕራቡን ተራራ በ11 ሰዓት ለማንሳት የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው በብሩህ ሰማይ ፊት የቆመ ጥቁር ግድግዳ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጠዋት ተራራው በርቶ ስለታየ ብቻ ጥሩ ፎቶ ይወጣል ማለት አይደለም። ፀሐይ ከጀርባችን ሆና ምዕራቡን በቀጥታ ስናይ ብርሃኑ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ቀለም ያለው ቢሆንም ከፊት ለፊት ነው የሚመታው፤ እያንዳንዱ ጉብታ ጥላውን የሚጥለው ከራሱ ኋላ ስለሆነ እኛ አናየውም። መፍትሔው ጥቂት መዞር ነው። የደሴ–ወልድያ መንገድ በጥቅሉ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል። መንገዱን ተከትለን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስናነሳ ግን ተራራው በፎቶው አንድ ጎን ተሰልፎ ይታያል፣ ብርሃኑም ከጎን ይመጣል። ሸንተረሮቹ አንዱ ከሌላው ኋላ በተራ ይወጣሉ፣ በመካከላቸው ያሉት ሸለቆዎች ይጠቁራሉ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ገደማ ዞር ብላ ስለሆነ፣ ወደ ምዕራብ በቀጥታ ለሚያነሳም ሰው ብርሃኑ ከግራ ያዘነበለ ይሆንለታል።

ከሰዓት በኋላ ጀርባችንን ለምዕራቡ ግድግዳ መስጠት ነው። ከወልድያ ወደ ሰሜን ሲወጣ የራያ ቆቦ ሜዳ በስተምሥራቅ በዞብል ተራሮች ይታጠራል። እነሱ ገጻቸውን ወደ ምዕራብ አድርገው ስለቆሙ የማታዋ ፀሐይ የምታርፈው በእነሱ ላይ ነው። የመርሳው ሜዳ ጨለም ሲል ዞብል ገና ይበራል። በአንድ አካባቢ ለጠዋትም ለማታም የሚሆን ተራራ ማግኘት በየቦታው የሚገጥም ዕድል አይደለም።

ለክርክሬ አንድ እውነተኛ ልዩ ሁኔታ አለ፤ መሸፈን አልፈልግም። ጥልቀት በጥላ ብቻ ሳይሆን በጭጋግና በአቧራም ይታያል። ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወስደው መንገድ ወደ ድልብ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሮ የሚያይ ሰው ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያገኛታል። የተራሮቹ ገጽ ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው፣ ዝርዝር አይታይም። ሆኖም የቅርቡ ሸንተረር ጥቁር፣ ቀጥሎ ያለው ግራጫ፣ የሩቁ ደግሞ ከሰማይ ሊለይ የማይችል ሰማያዊ ሆኖ ይደረደራል። ይህ የሚሆነው በእኛና በተራራው መካከል ያለው አየር ብርሃን ስለሚበትን ነው፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የተበተነው ብርሃን ይበዛል። ሰማያዊው ቀለም ከሌላው ይበልጥ ስለሚበተን የሩቅ ተራራ ሰማያዊ ይመስላል። እዚህ ጥላውን የሚተካው አየሩ ራሱ ነው። ግን ይህም ቢሆን ማለዳን ይጠይቃል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ድርድሩ ይደበዝዛል።

ከፍታው ሲጨምር

መርሳ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከላሊበላ በላይ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ብርሃን የሚበትን ነገር ይቀንሳል። ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሩቁ ተራራ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ግን ከሰማይ የሚደርሰው ብርሃን ስለሚያንስ በጣም ይጠቁራል። ቆላ ላይ በቀትር የደበዘዘ ፎቶ የሚያወጣ ካሜራ እዚህ ላይ ግማሹ የነጣ፣ ግማሹ የጠቆረ ፎቶ ያወጣል። ስለዚህ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሰዓት የመምረጥ ጉዳይ ይበልጥ ይጠነክራል። ጅብራውና ጓሳው ጠዋት በጎን ብርሃን ሲታዩ እያንዳንዱ ቅጠል ተለይቶ ይወጣል፤ በቀትር ደግሞ መሬት ላይ የተረጨ ነጠብጣብ ይሆናሉ።

ጭላዳና ረጅም ሌንስ

እስካሁን የተናገርነው ስለማይንቀሳቀስ ተራራ ነው። አራዊት ላይ ሲደርስ የተለመደው ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ረጅም ሌንስ የሌለው ሰው የዱር እንስሳ ማንሳት አይችልም ይባላል። እውነትነት አለው፤ በምዕራፍ 4 እንዳየነው ረጅም ሌንስ ሩቁን ያቀርባል። ነገር ግን ሌንሱ የሚያየው በአየር ውስጥ አሳልፎ ነው። ሜዳው ሲሞቅ ከመሬቱ የሚነሳው ትኩስ አየር ይርገበገባል፤ ያ መርገብገብ ሩቅ የተነሳን እንስሳ ያደበዝዛል፣ ሌንሱ በረዘመ ቁጥርም ይብሳል። በጣም ውድ የሆነው ሌንስ በቆላ ቀትር ላይ ሊያስተካክለው አይችልም። ያልሞቀ አየር ያለው ማለዳ ነው፤ ማለዳ ደግሞ ለሁሉም በነጻ ነው።

ከዚያ በላይ ደግሞ የእንስሳው ጠባይ አለ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር አይገኝም፤ ለሳይንስ የተዋወቀው በጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ሌሊቱን የሚያሳልፈው በገደል ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ ገደሉ አፋፍ ይወጣል፤ ሳር መጋጥ ከመጀመሩ በፊት ፀሐይ እየሞቀ፣ እርስ በርሱ ፀጉር እየተቀማመለ ይቀመጣል። ምግቡ በአብዛኛው ሳር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ነው የሚውለው፤ ፊቱ ቀና የሚልበት ጊዜ ጠዋት ነው። የጭላዳ ፊት ጥቁር ነው፣ ቅንድቡም ወጣ ያለ። በቀትር ብርሃኑ ከአናት ስለሚመጣ ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል፤ ፎቶው ላይ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ይቀራሉ። ዝቅ ባለ ፀሐይ ግን ብርሃኑ ከቅንድቡ ሥር ገብቶ በዓይኑ ላይ ትንሽ የምታበራ ነጥብ ያስቀምጣል። ያቺ ነጥብ ፊቱን ሕያው ታደርገዋለች። የወንዱ ረጅም ጎፈርም ከኋላው በምትመጣ ፀሐይ ዳር ዳሩ በርቶ ይወጣል። የእንስሳው ዕረፍትና የብርሃኑ ማዕዘን በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ሌንስ ከመግዛት በፊት ገደሉ አፋፍ ላይ በ12 ሰዓት መገኘት ይቀድማል።

ችግሩ ብርሃኑ ሲያንስ ሹተሩ ረዘም ላለ ጊዜ መከፈቱ ነው። በምዕራፍ 5 እንደተባለው እየሮጠ ያለ እንስሳን ለማቆም የሰከንድ 500ኛ ክፍል ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይፈለጋል። በማለዳ ይህን ለማግኘት የካሜራውን የብርሃን ስሜት ከፍ ማድረግ፣ የሚመጣውንም ሻካራነት መቀበል ግድ ነው። እኔ ሻካራውን እመርጣለሁ። ሻካራነት ዓይኑ ያለበትን ፎቶ አያበላሽም፤ የለሰለሰ ሆኖ ዓይን የሌለው ፎቶ ግን ከመጀመሪያውም ባዶ ነው።

«በኋላ በሶፍትዌር ይስተካከላል»

ዛሬ በጣም የሚደመጠው ክርክር ይህ ነው። ስልኩ ራሱ ጥቁሩን ያበራል፣ ቀለሙን ያሞቃል፤ ማለዳ ለምን እንነሳለን? ሶፍትዌር የሚችለውን መካድ አይገባም። ጥላ ውስጥ የተመዘገበ ነገር ካለ ያወጣዋል። ያልወደቀ ጥላን ግን በትክክለኛው ቦታ ሊያስቀምጥ አይችልም፤ የትኛው ጉብታ የቱ ጋር እንደሚያበቃ ካሜራው ሳይመዘግበው ቀርቷልና። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥላ ስሎ ሊጨምር ይችላል። ያኔ የምናየው ግን መገመቱን እንጂ የሀብሩን ተራራ አይደለም። አንድን ተራራ ለማያውቀው ሰው ለማሳየት የተነሳ ፎቶ ግምት ከሆነ ለምን ተነሳ?

በደመና ቀን ጉዳዩ ይለያል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሁሉ አንድ ትልቅ መብራት ይሆናል፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥላ የለም። ለሩቅ ተራራ መጥፎ ነው። ለቅርብ ነገር ግን ጥሩ ነው፤ ለመርሳ የፍራፍሬ ማሳ ቅጠሎች፣ ለእንስሳ ፀጉር፣ ለሰው ፊት።

የተሻለው ወቅትና የሚያስከፍለው ጥንቃቄ

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስናደርገው ምርጡ ወቅት ራሱ ይወጣል። ክረምቱ አቧራውን አጥቦ ሲሄድ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አየሩ ይጠራል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል ጥላው ቀኑን ሙሉ ይረዝማል። በየካቲት አቧራው ይመለሳል፣ በልግ ከዘነበም ደመናው ይገባል። ስለዚህ ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚወጣ ፎቶ አንሺ ኅዳርንና ታኅሣሥን መምረጡ ትክክል ነው።

ግን እነዚሁ ወራት እዚያ የሚኖሩት ቀይ ቀበሮዎች የሚወልዱባቸው ወራት ናቸው። ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በጉድጓድ ትወልዳለች፤ ሰው ሲደጋገምባት ቡችሎቿን ተሸክማ ወደ ሌላ ጉድጓድ ትሄዳለች፣ በ4,000 ሜትር ብርድ ውስጥ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በአጠቃላይ 500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከጮቄ ተራራ ቀድሞውኑ ጠፍተዋል። በጣም ከሚያሰጓቸው ነገሮች አንዱ በቤት ውሾች የሚዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አቡነ ዮሴፍ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ አካባቢ ስለሆነ ጉዞው ከአካባቢው ጠባቂዎች ጋር መሆን አለበት፤ የመንገዱን ጸጥታ አስቀድመው የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። ጉድጓድ ያለበትን ቦታ ቢያሳዩዎት እንኳ አይጠጉ፤ ቦታውንም በፎቶው ላይ አይጻፉ። የምግብ ትርፍራፊ ጥለው አይሂዱ፤ ውሻ ይጠራልና። ቀይ ቀበሮ በቀን ብቻዋን ሜዳ ላይ አይጥ ስታድን የምትውል እንስሳ ናት፤ ከርቀት ተቀምጦ፣ ፀሐይን በጎኑ አድርጎ ለሚጠብቃት ሰው ራሷ ትወጣለታለች። ፎቶውን እዚያው ያንሱት።